የአንባቢያን ጥያቄ፦ ዳ ቪንቺ ኮድ ላይ እውነቱ የቱ ነው፣ ፈጠራውስ?

ሰሞኑን ከየካ አባዶ፣ ከለገጣፎ፣ ከኮዬ ፈጬና ከቱሉ ዲምቱ የሚደርሱን ጥያቄዎች ወደ አንድ ነገር ያመራሉ። ዳ ቪንቺ ኮድ። መጽሐፉ ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ ግን በአማርኛ የተተረከው ፊልም ከስልክ ስልክ እየዞረ እንደ አዲስ ሆኗል። ማታ ወደ ሰፈር በሚመለሰው አውቶቡስ ውስጥ ሳይቀር ሰው ይከራከርበታል።

ላላየው ባጭሩ። ፓሪስ ሉቭር ሙዚየም ውስጥ አንድ ሽማግሌ ይገደላል። አንድ አሜሪካዊ ፕሮፌሰርና የሟቹ የልጅ ልጅ ምስጢር እየፈቱ ይሮጣሉ። ምስጢሩ ምንድነው? ኢየሱስ ማርያም መግደላዊትን አግብቶ ልጅ ወልዷል፣ ዘሩ ፈረንሳይ ውስጥ አለ፣ "የጽዮን ማኅበር" የሚባል ስውር ድርጅት ይጠብቀዋል፣ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ትደብቀዋለች፣ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺም ሥዕሉ ውስጥ ፍንጭ ትቷል። ደራሲው ዳን ብራውን ነው። መጽሐፉ በ2003 ወጣ፣ ፊልሙ በ2006። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ልብ ወለድ እወዳለሁ፤ ይሄኛውም ከያዘ አይለቅም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የጻፉልን ልጆች ነገሩን እንደ ታሪክ መጽሐፍ ወስደውት ከእናት ከአባታቸው ጋር ተኮራርፈውበታል። ስለዚህ ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

"መጽሐፉ ገና ሲጀምር 'እውነታ' የሚል ገጽ አለው። የጽዮን ማኅበር በ1099 የተመሠረተ እውነተኛ ድርጅት ነው፣ ብራናዎቹም ፓሪስ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተገኝተዋል ይላል። ጓደኞቼ 'ውሸት ቢሆን እንዴት ይጽፈዋል?' ይሉኛል። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ።" (ከየካ አባዶ)

ወንድሜ፣ ዋናውን ክር ነው የያዝከው። ይሄ ገጽ ከተፈታ የቀረው ሁሉ ራሱ ይፈታል።

1099 የመስቀል ጦረኞች ኢየሩሳሌምን የያዙበት ዓመት ነው፤ እሱ እውነት ነው። የጽዮን ማኅበር ግን የተመሠረተው በ1956 ነው። ፒየር ፕላንታር የሚባል ፈረንሳዊ ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ በስዊዘርላንድ ድንበር አጠገብ ባለች አንማስ በምትባል ከተማ አቋቋመው፣ እንደ ማንኛውም ማኅበርም መንግሥት ዘንድ አስመዘገበው። ጽዮን የተባለው እዚያው አካባቢ ባለ ተራራ ስም ነው። ማኅበሩ የሚያወጣት ትንሽ መጽሔት ስለ ምን ትጽፍ እንደነበር ብታውቅ ትገረማለህ፤ ስለ ርካሽ የኪራይ ቤቶች ነዋሪዎች መብት ነበር። አንተ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ስላለህ ነገሩ ይገባሃል። ብሎክ ላይ ያለ የነዋሪዎች ኮሚቴ አድርገህ አስበው።

ጨዋታው የተለወጠው በ1960ዎቹ ነው። ፕላንታር የድሮ የፈረንሳይ ነገሥታት ዘር ነኝ ማለት ጀመረ። ፊሊፕ ደ ሸሪዜ ከሚባል ወዳጁ ጋር ሆነው የውሸት የዘር ሐረግና የውሸት ጥንታዊ ጽሑፍ አዘጋጁ፤ በ1967 ደግሞ "ምስጢራዊ ሰነዶች" የተባለውን ጥራዝ ፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት አስቀመጡ። የማኅበሩ መሪዎች ናቸው ብለው ሊዮናርዶን፣ ኒውተንን፣ ቪክቶር ሁጎን የደረደሩት እዚህ ውስጥ ነው። ልብ ወለዱ "ብራና" ይለዋል። ብራና አይደለም፤ በታይፕ የተመታ ወረቀትና የጋዜጣ ቁራጭ ነው። ቤተ መጻሕፍት ደግሞ የተሰጠውን ይቀበላል፣ ይመዘግባል፣ ያስቀምጣል። እዚያ መደርደሪያ ላይ መገኘቱ ብቻውን ለእውነትነቱ ማስረጃ አይሆንም።

በ1993 አንድ የፈረንሳይ ዳኛ በሌላ ጉዳይ ፕላንታርን አስጠርቶ ቤቱን አስፈተሸ። ሰውየው ቃለ መሐላ ፈጽሞ ሲጠየቅ ሁሉንም ራሱ እንደፈጠረው አመነ። ልብ በል፣ ይሄ ልብ ወለዱ ከመታተሙ አሥር ዓመት በፊት ነው።

ታዲያ ደራሲው ከየት አመጣው? በ1982 ሦስት ጸሐፊዎች የፕላንታርን ወረቀቶች አምነው አንድ መጽሐፍ አሳትመው ነበር፤ እሱ ከዚያ ወሰደ። ከሦስቱ ሁለቱ "ሥራችንን ሰረቀን" ብለው የመጽሐፉን አሳታሚ ለንደን ላይ ከሰሱ፣ በ2006 ተረቱ። ጓደኞችህ "እንዴት ይጽፈዋል?" ካሉህ መልሱ ቀላል ነው። "እውነታ" የምትለዋ ገጽም የልብ ወለዱ አካል ናት። ልክ ገጸ ባሕርያቱን እንደፈጠረ ሁሉ እሷንም የጻፈው ታሪኩ እንዲጥም ነው።

"ልጄ 'ኢየሱስን አምላክ ያደረገው ቆስጠንጢኖስ ነው፤ ኒቂያ ላይ እጅ አውጥተው ነው የወሰኑት፣ ያውም በጥቂት ድምፅ ብልጫ' ይለኛል። እኔ ብዙ አልተማርኩም፣ መልስ አጣሁለት። የእሌኒ ልጅ እንዲህ አድርጓል?" (እናት፣ ከኮዬ ፈጬ)

እማማ፣ እርስዎ ከሚያስቡት በላይ ያውቃሉ። ሠለስቱ ምዕትን ያውቃሉ አይደል? ቅዳሴያቸውን ሰምተዋል። ልጅዎ የሚያወራው ስለ እነሱ ጉባኤ ነው።

ጉባኤው የተደረገው በ325 ነው። የጠራው ቆስጠንጢኖስ ነው፣ እውነት ነው። ክርክሩን ያስነሳው አርዮስ የሚባል የእስክንድርያ ቄስ ሲሆን፣ ወልድ ፍጡር ነው የሚል ትምህርት ያስተምር ነበር። ስለዚህ ጥያቄው "ኢየሱስ ተራ ሰው ነው ወይስ አምላክ?" አልነበረም። አርዮስ ራሱ እንኳ ኢየሱስ ዓለም ሳይፈጠር የነበረ ነው ይል ነበር። ክርክሩ ከአብ ጋር ያለው አንድነት ላይ ነው። ድምፁም ጠባብ አልነበረም። ከተሰበሰቡት ጳጳሳት መካከል በመጨረሻ አልፈርምም ብለው ከአርዮስ ጋር የተጋዙት ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም ከሊቢያ።

አንድ ነገር ለልጅዎ ያንብቡለት። ከኒቂያ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ በፊት፣ በ112 አካባቢ፣ ኒቂያ ያለችበትን አገር ያስተዳድር የነበረ ፕሊኒ የሚባል የሮማ ሹም ለንጉሡ ለትራጃን ደብዳቤ ጻፈ። ክርስቲያኖችን እያሰረ መርምሮ ነበር። ሳይነጋ ተሰብስበው ለክርስቶስ እንደ አምላክ ይዘምራሉ ብሎ ሪፖርት አደረገ። ሰውየው ክርስቲያን አይደለም፤ እንዲያውም አሳዳጅ ነው። ቆስጠንጢኖስ ገና አልተወለደም፣ አያቱም ገና ናቸው።

ንጉሡ እንደፈለገ የሚያዝ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ነገሩ በኒቂያ ያበቃ ነበር። አላበቃም። ቆስጠንጢኖስ ራሱ በኋላ አርዮስን ከግዞት መለሰው፣ የኒቂያን እምነት አጥብቆ የያዘውን የእስክንድርያውን ሊቀ ጳጳስ አትናቴዎስን ደግሞ በ335 እስከ ምዕራብ አውሮፓ፣ ወደ ጋውል፣ አጋዘው። አትናቴዎስ በዕድሜው አምስት ጊዜ ተሰዷል፣ የሚያሳድዱት ነገሥታት ነበሩ።

እዚህ ላይ ታሪኩ ወደ እኛ ቤት ይገባል። ለእኛ አባ ሰላማ ከሳቴ ብርሃንን ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም የላከው ይሄው አትናቴዎስ ነው። የቆስጠንጢኖስ ልጅ ቆስጠንስዮስ የአርዮስን ወገን ይደግፍ ስለነበር፣ ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጽፎ ፍሬምናጦስን (አባ ሰላማን) ለምርመራ ወደ እስክንድርያ መልሱልኝ አለ። ደብዳቤው አትናቴዎስ በጻፈው ውስጥ ተጠብቆ እስከ ዛሬ ይነበባል። የሮማ ንጉሥ አዘዘ፣ አክሱም ግን ያንን እምነት አልተቀበለችም። ታዲያ አንድ ንጉሥ በአንድ ስብሰባ ሁሉን ወሰነ የሚለው ከየት መጣ?

መጽሐፍ ቅዱስን የመረጠው ኒቂያ ነው የሚለውም ልክ አይደለም፤ የጉባኤው አጀንዳም አልነበረም። የአዲስ ኪዳንን 27 መጻሕፍት ዘርዝሮ የጻፈው አትናቴዎስ ነው፣ በ367 ለትንሣኤ በላከው ደብዳቤ። ቆስጠንጢኖስ የተጠመቀው ሊሞት ሲል በ337 ነው የሚለው ግን እውነት ነውና ልጅዎ እሱን ካነሳ አይከራከሩት።

"ሰማንያ ወንጌል ነበር፣ አራቱን ብቻ አስቀርተው ሌላውን ደበቁት ይላል። ናግ ሐማዲና የሙት ባሕር ጥቅልሎች ምን ይዘዋል? እኛስ ለምን አልተነገረንም?" (ከለገጣፎ)

ሰማንያ የሚለው ቁጥር የልብ ወለዱ ነው። ግኝቶቹ ግን እውነተኛ ናቸው፣ ደስ የሚል ታሪክም አላቸው።

በ1945 ላይኛው ግብፅ፣ ናግ ሐማዲ አጠገብ፣ ገበሬዎች ለእርሻ ማዳበሪያ የሚሆን አፈር ሲቆፍሩ አንድ ማሰሮ አገኙ። ውስጡ 13 የፓፒረስ መጻሕፍት ነበሩ፣ በቅብጥ ቋንቋ የተጻፉ። ዛሬ በየቋንቋው ተተርጉመው ማንም ያነባቸዋል። ልብ ወለዱ ኢየሱስን እንደ ተራ ሰው የሚያሳዩት እነዚህ ናቸው ይላል። ብታነባቸው ብዙዎቹ የተገላቢጦሽ ናቸው፤ ሥጋን ይንቃሉ፣ ኢየሱስን ከሰውነት ይልቅ ወደ መንፈስነት ይወስዱታል።

በጣም የሚጠቀሰው የፊልጶስ ወንጌል የሚባለው ነው። ኢየሱስ መግደላዊትን "ብዙ ጊዜ ... ላይ ይስማት ነበር" የሚል ቦታ አለ። ነጥቦቹን እኔ አይደለሁም ያስቀመጥኳቸው፤ ፓፒረሱ እዚያ ጋ ተበልቷል፣ ቀዳዳ ነው። "አፏ" የሚለው ቀዳዳውን ለመሙላት የተገመተ ነው። እጅ ይሁን ግንባር ይሁን ገጹ አይናገርም። ሙሉ የትዳር ታሪክ የተገነባው በዚህ ቀዳዳ ላይ ነው። ጽሑፉም ከኢየሱስ ዘመን ከመቶ ዓመት በላይ ዘግይቶ የመጣ ነው።

የሙት ባሕር ጥቅልሎች ደግሞ በ1947 መገኘት ጀመሩ፣ የአይሁድ ጽሑፎች ናቸው። ወንጌል የለባቸውም፣ ስለ ኢየሱስም አያወሩም። እዚያ ምን ተገኘ ካልከኝ፣ ለእኛ ትልቅ ነገር ተገኘ። መጽሐፈ ሄኖክ በአራማይክ፣ ኩፋሌ በዕብራይስጥ፣ በቁርጥራጭ። ሄኖክ ሙሉውን ያለው ግን በግእዝ ብቻ ነው። አውሮፓ መጽሐፉ ጠፋ ብላ ስትተወው እዚህ ካህናቱ ይገለብጡት ነበር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770ዎቹ ቅጂዎቹን ወሰደ፣ በ1821 በእንግሊዝኛ ታተመ። "ለምን አልተነገረንም?" ላልከው፣ የተደበቀ የሚባለው መጽሐፍ ሰፈርህ ካለ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ከነአማርኛው ይሸጣል። ገዝተህ አንብብ፣ ከማንም ፊልም ይበልጣል።

"የቤተ ክርስቲያን ሥዕል እሠራለሁ። የመጨረሻው እራት ላይ ከኢየሱስ ጎን ያለችው ሴት ናት ወይ?" (ሠዓሊ፣ ከሰበታ)

ለአንተ በሥዕል ቋንቋ ልመልስ። በኢየሱስ ቀኝ የተቀመጠው ዮሐንስ ነው። ስቅለትን ስትስል እመቤታችንን በአንድ በኩል፣ ዮሐንስን በሌላ በኩል ታቆማለህ፤ ጢም ታወጣለታለህ? አታወጣም፣ ወጣት ነው። የጣሊያን ሠዓሊዎችም ያው ናቸው፤ ጢም የሌለው፣ ፀጉሩ የረዘመ፣ ለስላሳ ፊት። ሊዮናርዶ ብቻውን የፈጠረው አይደለም። ቬኒስ ውስጥ ለሥዕሉ የተዘጋጀ ንድፍ አለ፣ ሐዋርያቱ በስማቸው ተጽፈዋል፣ ዮሐንስም አለበት። ደግሞም ቁጠር፤ ኢየሱስና አሥራ ሁለት ሰው ነው ያለው። እሷ መግደላዊት ከሆነች ዮሐንስ የት ሄደ?

ባለቤት የሌለው እጅ ቢላ ይዟል የሚባለውም የጴጥሮስ ነው፤ ክንዱን ወደ ኋላ አዙሮ ይዞታል። ሊዮናርዶ ለዚያ ክንድ የሠራው ጥናት ዛሬም አለ።

ሥዕሉ ግን በሌላ ምክንያት ያሳዝናል። ሚላን ውስጥ ሳንታ ማሪያ ዴሌ ግራትሲዬ ገዳም፣ የመነኮሳቱ መመገቢያ ግድግዳ ላይ ነው፤ ከ1495 እስከ 1498 ገደማ ተሠራ። በእርጥብ ልስን ላይ መሳል ያጣድፋል፣ ልስኑ ሳይደርቅ መጨረስ አለብህ። ሊዮናርዶ መቸኮል አይወድም፣ በደረቅ ግድግዳ ላይ ሠራው። እሱ በሕይወት እያለ መርገፍ ጀመረ። በ1652 በር ሲያወጡ የኢየሱስን እግር ቆረጡት። በ1943 ቦምብ አዳራሹን አፈረሰው፤ ግድግዳው በአሸዋ ከረጢት ተደግፎ ስለነበር ተረፈ። ከሃያ ዓመት በላይ የፈጀው ጥገና ያለቀው በ1999 ነው። አሁን የምታየው ፊት ብዙው የሊዮናርዶ እጅ አይደለም፤ ከእንዲህ ዓይነት ፊት ላይ ጾታ ለመለየት መሞከር ይከብዳል።

"የታሪኩ ቴምፕላሮች ላሊበላን ሠሩ ይባላል። ጽላቱን ፍለጋ መጥተው ነው አሉ።" (ከቱሉ ዲምቱ)

ይሄ ከዳ ቪንቺ ኮድ አይደለም፣ ግን ዘመዱ ነው፣ እኔንም የሚያበሳጨኝ ይሄኛው ነው።

ቴምፕላሮች የሚባሉት የመስቀል ጦርነት ዘመን መነኩሴ ወታደሮች እውነተኛ ናቸው። በ1119 አካባቢ ኢየሩሳሌም ውስጥ ተመሠረቱ፤ በ1307 ኦክቶበር 13 ቀን፣ ዓርብ፣ የፈረንሳዩ ንጉሥ ፊሊጶስ አራተኛ በአንድ ማለዳ አሳሰራቸው። ልብ ወለዱ ጳጳሱን ነው ዋና አድራጊ የሚያደርገው፤ ያሰረው ንጉሡ ነው፣ ገንዘባቸውን ፈልጎ።

የላሊበላ ወሬ ምንጩ አንድ የአረብኛ መጽሐፍ ነው። በአቡ ሳሊሕ ስም የሚታወቅ፣ የግብፅ ክርስቲያኖች መጽሐፍ፣ በላሊበላ ዘመን አካባቢ የተጻፈ። ሐበሾች ታቦተ ጽዮን አላቸው፣ የሚሸከሙትም ቆዳቸው ነጭና ቀላ ያለ፣ ፀጉራቸው ቀይ የሆነ ሰዎች ናቸው ይላል። "ፈረንጆች ናቸው፣ ስለዚህ ቴምፕላሮች ናቸው" ያሉት ከዚህ ተነስተው ነው። ግን መጽሐፉ ራሱ በዚያው አረፍተ ነገር ማን እንደሆኑ ይናገራል፤ ከዳዊት ወገን የሆኑ እስራኤላውያን። ግማሹን አንብቦ ግማሹን መተው ነው።

ድንጋዩ ላይ የሚያሳዩት መስቀልም ምንም አያስረዳም። ኢዛና ሳንቲሙ ላይ መስቀል ያተመው ቴምፕላሮች ከመኖራቸው ስምንት መቶ ዓመት ገደማ በፊት ነው። ንጉሥ ላሊበላ የሰጠው የመሬት ስጦታ በግእዝ ተጽፎ አለ፤ በ1210 አካባቢ ከእስክንድርያ ወደ ከተማው ወደ አዳፋ የመጡ መልእክተኞች ያዩት ተመዝግቧል። አለት የሚፈለፍል ፈረንጅ ግን አላዩም። አለት መፈልፈል ከትግራይ ጀምሮ እስከ እኛ የካ ተራራ ዋሻ ሚካኤል ድረስ የሀገሬው እጅ ሥራ ነው፤ ቅዳሜ ወጥታችሁ እዩት።

"የሉቭር ፒራሚድ 666 መስታወት አለው? ኦፑስ ዴይስ ገዳይ መነኩሴ አለው?" (ከየካ አባዶ)

የለውም፤ ሙዚየሙ የሚናገረው 673 ነው። ኦፑስ ዴይ በ1928 ስፔን የተመሠረተ የካቶሊክ ተቋም ነው፣ አብዛኞቹ አባላቱ ባለትዳርና ሠራተኛ ምእመናን ናቸው፣ መነኩሴ የለውም። ሥጋን ለማድከም ጭን ላይ የሚታሰር ሰንሰለት ግን አንዳንድ አባላት ይጠቀማሉ፤ እሱን አልፈጠረውም።

"ኢየሱስ አግብቷል የሚለውን ተዉት። መግደላዊት ሴተኛ አዳሪ ነበረች ተብላ ስሟ ጠፍቷል የሚለው ግን ልቤን ነክቶታል። እሱስ ውሸት ነው?" (ከለገጣፎ)

እህቴ፣ እሱ እውነት አለበት።

ሉቃስ ምዕራፍ 7 ላይ ስሟ ያልተጠራ ኃጢአተኛ ሴት አለች። ምዕራፍ 8 ላይ መግደላዊት በስሟ ትመጣለች፣ ሰባት አጋንንት የወጡላት ተብላ። ሁለቱን አንድ ያደረጋቸው የሮማው ጳጳስ ጎርጎርዮስ ነው፣ በ591 ገደማ በሰጠው ስብከት። ምዕራቡ ዓለም ከዚያ በኋላ ለዘመናት እያለቀሰች የምትጸጸት ሴት አድርጎ ሳላት። ሮም ይሄንን በ1969 አስተካከለች። የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ግን መጀመሪያውኑ አልቀላቀሏቸውም፤ በእኛም ከ36ቱ ቅዱሳት አንስት ጋር ትቆጠራለች። ስሟን ለማጥፋት የተደረገ ሴራ ቢኖር ኖሮ፣ ትንሣኤውን መጀመሪያ ያየችው እሷ ናት የሚለው ዮሐንስ 20 እንዴት ይቀር ነበር?

ትዳሩንም ልተወው አልችልም፣ አንድ ነገር ብቻ። ጳውሎስ 1ኛ ቆሮንቶስ 9፥5 ላይ ሚስት ይዞ የመዞር መብት አለኝ ብሎ ሲከራከር ጴጥሮስን፣ ሌሎቹን ሐዋርያት፣ የጌታን ወንድሞች ምሳሌ ያደርጋል። ጌታ ራሱ አግብቶ ቢሆን ከእሱ የሚበልጥ ምሳሌ ከየት ያመጣ ነበር?

በ2012 አንዲት የሃርቫርድ ፕሮፌሰር "ኢየሱስም ሚስቴ ... አላቸው" የሚል የፓፒረስ ቁራጭ ይዘው ቀረቡ፤ ያኔ የላካችሁልኝ ብዙ ናችሁ፣ አሁንም ቴሌግራም ላይ ይዞራል። ቁራጩ የቶማስ ወንጌል ከሚባለው ላይ ተቀንጭቦ የተሰፋ ነው። ኢንተርኔት ላይ ከነበረ አንድ የዚያ ጽሑፍ ቅጂ የትየባ ስህተት ሳይቀር ተገልብጦበታል። በ2016 ፕሮፌሰሯ ራሳቸው ሐሰተኛ ሳይሆን አይቀርም አሉ። የሚዞረው ቪዲዮ ይህን አይናገርም፤ ስለዚህ የላከልሽን ሰው ይሄንን ጨምረሽ መልሺለት።